ጤነኛ ላሜራ ላይ የተመታ ልጣፊ

የዚያን ዓመት የምዕራቡ ነፋስ ቀድሞ ገባ። ሌላ ጊዜ የገና በዓል ሲቃረብ ነበር የሚነሣው፤ ያን ጊዜ ግን ኅዳር ሳያልቅ ባሕሩ ደፈረሰ። የታራዋ ምድር ቀጭን ናት፤ በአንድ ወገን ውጩ ባሕር፣ በሌላው ወገን ውስጠኛው ባሕር፣ መሐል ላይ አንድ መንገድ። ነፋሱ ሲበረታ ሁለቱ ባሕሮች በመንገዱ ላይ ይጨባበጣሉ። ሰው ጠዋት ሲነሣ ከንፈሩ ጨው ጨው ይላል። የታጠበ አንሶላ ሳምንት ሙሉ ገመድ ላይ ውሎ እንደረጠበ ይታጠፋል። ምላጭ በሁለት ቀን ይዝጋል፣ የበር ማጠፊያ ያቃስታል፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ቡናማ ውሃ ያወርዳል። ያ ወቅት ሐዘንም አይባል ደስታም አይባል፤ ሰው እርጥብ ሆኖ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር።

ናካራ በዚያ ወቅት ነበር ሥራ የሚበዛለት። ቤቱ ቴአኦራኤሬኬ፣ ከመንገዱ በውስጠኛው ባሕር በኩል ነው፤ ደጁ ላይ ትልቅ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ነበረ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የታመመ ሚኒባስ። ባትላሜራ ነኝ አይልም፤ ተምሮትም አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በፈረንጅ የጭነት መርከብ ላይ ዝገት ሲፈቀፍቅና ቀለም ሲቀባ ነው የኖረው። ከባሕር ሲመለስ ይዞት የመጣው ሙያ ይኸው ነበር፤ ዝገትን ማወቅ።

አዲስ ላሜራ በደሴቲቱ ላይ አይገኝም። መርከብ እስኪያመጣ ይጠበቃል፣ መርከቡም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። እስከዚያ ናካራ ከብስኩት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ፣ በመዶሻ አለዝቦ፣ በሪቬት መትቶ፣ ዳር ዳሩን በስቱኮ ደፍኖ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲሩጂኔ ቀብቶ ይለጥፋል። ብስኩቱ ሲያልቅ በበሬ ሥጋ ጣሳ፤ ጣሳው ሲያልቅ በጀልባ ፋይበር። ሥራውን አስረክቦ ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ቃል ነበር፤ «እስከ መርከብ ነው» ይላል። መርከብ መጥቶ ላሜራ እስኪገኝ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ከጊዜ ብዛት ልጣፊው ራሱ እስከ መርከብ ተባለ። «በሩ ላይ ሁለት እስከ መርከብ አለው» ይላሉ ሾፌሮቹ። መርከብ መጥቶ ሄዶ፣ ሌላ መርከብ መጥቶ ሄዶ፣ እስከ መርከቡ ግን እዚያው ነው። ዓመታዊ የመኪና ምርመራ በመጣ ቁጥር የሚኒባሶቹ ሰልፍ መጀመሪያ ናካራ ዛፍ ሥር ነው፣ ቀጥሎ ፖሊስ ዘንድ።

ሚስቱ ኤሬታ ትባላለች፤ የኖኖውቲ ደሴት ልጅ። ሳቂታ ነበረች፣ ሳቋ ግን አፏ ውስጥ ይቀራል፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ልጆቻቸው ተድረው በየደሴቱ ተበትነዋል። ስኳር በሽታ ያዛት። በዚያ አገር ስኳር ያልገባበት ቤት የለም፤ የማይነገርለት ግን እግር ነው። በመጀመሪያ ሁለቱም እግሮቿ ከቁርጭምጭሚት በታች አልሰማ አሏት። ዛጎል ላይ ቆማ አታውቀውም፤ ትኩስ አመድ ረግጣ ሽታው ነው የሚነግራት። ከዚያ የቀኝ እግሯ ሥር አንድ ቁስል ወጣ፤ የሳንቲም ያህል፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ቁስሏን እንድታሳሽግ፣ አንድም ቀን እንዳትቀር አዘዘ። «ከተጠበቀ ይድናል፤ ካልተጠበቀ እግሩ ይሄዳል» አላት። በሚኒባስ ሁለቴ ሞከሩት። ሰው እንደ ሰርዲን ታጭቆ፣ ደረጃው ረጅም፣ በዝናብ ቆሞ መጠበቁ ረጅም፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰዓቱ አልፎ ተመለሱ።

ናካራ እንግዲህ የመጨረሻውን የመርከብ ደሞዙን አውጥቶ ከጃፓን አንዲት ያገለገለች ነጭ ቫን አስመጣ። አሮጌ ናት ይበሉ እንጂ ጨው ቀምሳ የማታውቅ ነበረች። ከወደቡ ሲያወጣት በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሳት፤ ሻንሲዋ ደረቅ፣ ወለሏ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ዝገት ሲፈቀፍቅ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ብረት ነክቶ አያውቅም።

ያን ቀን ማታውኑ ፈራ።

በዚያ አገር ዘመድ መጥቶ «ቡቡቲ» ካለ፣ ማለት ይህን ነገርህን ስጠኝ ብሎ ከለመነ፣ እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ሰው ማኔባ ውስጥ፣ የመንደሩ ጉባኤ አዳራሽ ማለት ነው፣ ቀና ብሎ መቀመጥ ያፍራል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ የስስታሙ ልጆች ይባላሉ። የለመነም በተራው ሲለመን ይሰጣል፤ እንዲህ ሆኖ ነው ሰዉ የኖረው። ናካራም ሲሰጥ ነው የኖረው። የጀልባ ሞተሩን ያጎቱ ልጅ ወሰደ። ብስክሌቱን የሚስቱ ወንድም። ከመርከብ ያመጣት ሬዲዮ አንድ ሳምንት አልቆየችም። አንዱንም አልተጸጸተበትም። ቫኗ ግን የኤሬታ እግር ናት። ሲያወጣት ወደብ ላይ ያያት ሰው ደግሞ ብዙ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የብስኩት ቆርቆሮዎቹን ሰብስቦ ጤነኛዋን ቫን መለጠፍ ጀመረ።

ፓራፋንጎዋ ላይ ሁለት መታ፤ አንደኛውን ሆን ብሎ አጣመመው። በተንሸራታቹ በር ግርጌ እንደ ጅራት የረዘመ አንድ ልጣፊ አደረገ። ከሥሩ ያለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቆ፣ እንዲያረጅ የባሕር ውሃ ረጨበት። ለመለመን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ምንጣፍ ነውና፣ ኤሬታ እግሯን በምታሳርፍበት ወለል ላይ ከሁሉ የሚያስጠላውን አንድ ትልቅ ልጣፊ በአሥራ ስምንት ሪቬት መታ። ለሰው ዓይን የሚሠራ ሥራ ነው ብሎ ዳሩን በስቱኮ አልደፈነም፤ አንቲሩጂኔም አልቀባም። ቸኩሎ ነበር።

ኤሬታ ደጃፍ ካለው የመቀመጫ ቆጥ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በትራስ ላይ አድርጋ ታየዋለች። «አንተ ሰው» አለችው፤ «ጤነኛዋን ታማለች ትላለህ፣ እኔን ታማሚዋን ደኅና ናት ትላለህ።»

እውነቷን ነበር። እግሯን ለማንም አልተናገረም፤ ለዘመድ ከተነገረ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ጠያቂ ደግሞ ዓይን አለው፣ ያያል። «አፍሽን ያዥ» አላት። ትከሻዋ ተነቃነቀ።

ያጎቱ ልጅ ቴካቡ በሦስተኛው ቀን መጣ። እነርሱ ዘንድ ያጎት ልጅ ማለት ወንድም ነው። ቴካቡ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የጀልባ ሞተሩን የወሰደው እርሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ምርቃት ነበረና አሣማዎቹን የሚጭንበት መኪና ለመለመን እንደ መጣ በአበባ አክሊሉ ያስታውቃል። ቫኗን ሁለት ጊዜ ዞራት። ምንጣፉን አነሣ። መልሶ ጣለው።

«ወንድሜ፣ ይቺን የሠራት ባትላሜራ ነው ልብስ ሰፊ?» አለ።

ናካራ ጃፓኖች እንዳታለሉት፣ በሥዕሉ ላይ ሌላ መኪና እንዳሳዩት፣ ፊቱን ጥሎ ነገረው።

«እኔ እኮ ልለምንህ ነበር አመጣጤ» አለ ቴካቡ፤ «አሁን ግን የሚለመነው ለእርሷ ነው። አሣማዎቼ ቢያዩዋት በእግራችን እንሄዳለን ይላሉ።»

አብረው ሳቁ። ቴካቡ አሣማዎቹን በሌላ ሰው መኪና ወሰደ። ከምርቃቱ ማግሥት ደግሞ ሦስት ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ፤ «ለዚያች ለምስኪኗ» ብሎ ሰጠው፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቡቡቲ ያለ የለም። ሰዉ ሁሉ ምስኪኗ እያለ ጠራት። ናካራ ኤሬታን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እያመላለሰ ዓመት ሞላው። አንድም ቀን አላስቀራትም። ቁስሉ ጠበበ፣ የሽንብራ ያህል ሆነ። ሐኪሙ «የሚቀጥለውን የነፋስ ወቅት ካለፍሽ ጨርሰሻል» አላት።

የሚቀጥለው የነፋስ ወቅት ያ ቀድሞ የገባው ነበር።

መንገዱ ላይ በየቀኑ ባሕር ይገባል። ቫኗ በጎርፉ ውስጥ አልፋ ስትመጣ ልጣፊዎቿ ሥር የገባው ጨው አይወጣም፤ ቆርቆሮው ከድኖ ያቆየዋል። ናካራ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መርከብ ላይ ልጅ ሳለ የመርከበኞቹ አለቃ ያስተማረው የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እርጥብ ብረት አይሸፈንም፣ ከተሸፈነ ከውስጥ ይበላል። አውቆ ግን አላየም። ምንጣፉ ሥር ሲረገጥ ቸፍ ቸፍ የሚል ድምፅ መስማት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ሲጠርግ ያን ቦታ ይዘለዋል። ካነሣው ያውቃል፤ ካወቀ ማቆም አለበት፤ ካቆመ የዓርቡ መታሸግ ይቀራል። እንዲህ እያለ ታኅሣሥ አለፈ።

በጥር አንድ ጠዋት ምንጣፉን ገለጠ። በካቻቢቴ ጫፍ የልጣፊውን ዳር ነካ አደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ጎትቶ ሲያወጣው የተከተለው ብረት አልነበረም፤ የራሰ ዳቦ ይመስላል። አሥራ ስምንቱ የሪቬት ቀዳዳ እያንዳንዱ አፍ ሆኖ ጨው ጠጥቶበታል። ቁጭ ብሎ አየው። ደነገጠ ለማለት ይከብዳል፤ የሌላ ሰው መኪና እንደሚያይ ነው ያየው።

ላሜራ የጫነው መርከብ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሏል። ቴካቡ በዚያው ሰሞን አንዲት ደኅና ፒካፕ ነበረችው። መሄድና ቡቡቲ ማለት ነበር። ናካራም አልጠፋውም፤ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ እስከ ቴካቡ አጥር ሄዶ ተመለሰ። መኪና ለምን ይለምናል? መኪና አለው። ስለ ኤሬታ እግር ሊናገር ነው። ስለ እግሩ ከተናገረ ስለ ቫኗ ሊጠየቅ ነው። ሲያዩት የኖሩት ዝገት ሁሉ የእጁ ሥራ መሆኑን ሊናገር ነው፤ ቫኗን ከወንድሙ ለመደበቅ የሠራው። ይህን የሚያህል ነገር በዚያ አገር ከስስት የባሰ ነው፤ ስም እንኳ የለውም።

ስለዚህ በውሸቱ ልጣፊ ላይ እውነተኛውን ለጠፈ። የቴካቡን የብስኩት ቆርቆሮዎች ደርቦ፣ ፋይበር ነክሮ፣ ደኅና ብረት አገኛለሁ ብሎ ሪቬቱን ራቅ ራቅ አድርጎ መታ። ስቱኮ አልቆጠበም። በዘመኑ ከሠራቸው ሁሉ ይኼ የተሻለው ነበር። ጨርሶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እስከ መርከብ ነው» አለ።

ዘጠኝ ቀን ቆየ።

ረቡዕ ነበር፤ ባሕሩ ሞልቷል። ከደሴት ደሴት የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ውሃው ጎማውን እስከ ግማሽ ይዞታል። ኤሬታ በቦታዋ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ የታሸገውን ቀኝ እግሯን ከፍ አድርጋ ትንሽ ሣጥን ላይ ጭናለች፣ ግራው ወለሉ ላይ ነው። ከሥር አንድ ነገር ጠብ አለ። ቫኗ አልቆመችም።

ጥቂት ሄደው፣ «ልጣፊህ ተነሥቷል መሰለኝ» አለች፤ «የሆነ ነገር ይፋቃል።»

ናካራም ሰምቶታል። ቆርቆሮ ተንጠልጥሎ መንገዱን ሲፍቅ እንዲህ ነው የሚለው። ከውሃው መሐል ቢያቆም ሞተሩ ይጠጣል፣ ከጠጣ የዛሬው መታሸግ ይቀራል። «ስንደርስ አየዋለሁ» አላት። ድልድዩን ጨረሰ፤ ከድልድዩ ማዶ ያለውን የኮራል ጠጠር መንገድም ጨረሰ። እርሷ ስለ ዓሣ እያወራችው ነበር፤ የትኛው ዓሣ እንደ ሆነ ኋላ ብዙ ጊዜ ሊያስታውስ ሞክሮ አልሆነለትም።

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ነርሷ ማሬ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች መጣች። በሩን ከፈተች። ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች።

«ይቺን እግርሽን ምን አገኛት?» አለቻት።

«የቷን?» አለች ኤሬታ።

ወለሉ ተቀዶ ግራ እግሯ በቀዳዳው ወርዷል። ሲፋቅ የነበረው እርሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ቆረጡት። የቀኙ ቁስል ግን ያለ አንዳች ችግር ድኖ ፋሲካ ሳይደርስ ተዘጋ። ኤሬታ ናካራን አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ሰው ሲጠይቃት፣ «እኔ እኮ አላመመኝም» ነበር መልሷ። እውነት ነው፣ አላመማትም። ናካራንም ያመመው አይመስልም ነበር። ሩዙን ይቀቅላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አንሶላዋን ያጥባል። አላለቀሰም፤ ሚኒባስ ይዘው የመጡትን ሾፌሮች «ቆርቆሮ የለኝም» እያለ መለሳቸው። ቆርቆሮው ከጀርባው ተቆልሎ እያዩ ይሄዳሉ።

መርከቡም መጣ፤ ላሜራ ይዞ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ናካራ ካቻቢቴና መዶሻ ይዞ የቫኗን ልጣፊዎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። ቴካቡ ኮኮናት ይዞ ሊጠይቅ መጥቶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። በየልጣፊው ሥር ያለው ዝገት ልክ የልጣፊውን ቅርጽ ይዞ ነበር፤ ከልጣፊው ጠርዝ አንድ ጣት ወዲያ ግን ቀለሙ ነጭ፣ ብረቱ ደኅና። ቴካቡ ሞኝ አይደለም። አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛው ሲነቀል ኮኮናቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጤነኛ ነበረች» አለ።

ናካራ መዶሻውን ሳያቆም ሁሉንም ነገረው። ስለ ወደቡ፣ ስለ ሽቦ ብሩሹ፣ ስለ ምንጣፉ፣ እስከ አጥሩ ሄዶ ስለ መመለሱ። የገበያ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነበር ያወራው።

ቴካቡ ለወትሮው ለሁሉ ነገር ቀልድ ነበረው። ያን ቀን አልነበረውም። «ስለ እርሷ ብትነግረኝ አልለምንህም ነበር» አለ።

«አንተ ባትለምን ሌላው ይለምናል።»

«ይሁን። ፒካፗን ግን ቡቡቲ ብትለኝ፣ እምቢ እልህ ነበር?»

ናካራ የነቀለውን ቆርቆሮ ገልበጥ አድርጎ አየው። የብስኩቱ ስም ገና ይነበባል። «አትልም ነበር» አለ።

«የሞተርህን ውለታ አልረሳሁም እኮ። ትመጣለህ ትመጣለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር። ናካራ ምነው ከእኔ አንድ ነገር እንኳ አይፈልግም፣ ንቆኝ ነው ወይ፣ እያልኩ።»

ቴካቡ ተነሥቶ ሌላኛውን ካቻቢቴ አነሣና ከበሩ ግርጌ ያለውን ያንን ረጅሙን ልጣፊ በሌላው ጫፍ ይዞ መንቀል ጀመረ። ሲመሽ ቫኗ ራቁቷን ቀረች፤ ግማሽዋ ነጭ፣ ግማሽዋ ቀዳዳ። ለማንም የማትሆን።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ኤሬታ ባሏን ከቆጡ አጠገብ አስቀመጠችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ቡቡቲ ብዬህ አላውቅም» አለችው።

«አታውቂም።»

«አሁን ልልህ ነው። መኪናና መንገድ ወደሌለበት፣ ወደ እናቴ ደሴት ውሰደኝ። የቆርቆሮ መቀስህን ደግሞ ለቴካቡ ስጠው። አትደብቀው፣ ሣጥኑ ሥር እንዳለ አይቼዋለሁ።»

ትከሻዋ ትንሽ ተነቃነቀ። ናካራ ተነሥቶ መቀሱን ከሣጥኑ ሥር አወጣ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ፣ ለቴካቡ ሰጠው። ቴካቡም እስከ ወደቡ በፒካፑ አደረሳቸው። ኤሬታን በክንዱ አቅፎ ጀልባው ላይ ያወጣት እርሱ ነው። ናካራ ተከትሎ ወጣ፤ ምንጣፍና ድስት ብቻ ይዞ።

ቫኗ ከዛፉ ሥር ሁለት የነፋስ ወቅት ቆማ በራሷ ጊዜ መሬት ነካች። ዶሮዎች ይጥሉባታል። ቴካቡ በዚያ መቀስ ዛሬም ሚኒባስ ይለጥፋል፤ እጁ እንደ ናካራ አይደለም፣ ግን «እስከ መርከብ ነው» ማለቱን አልተወም።

ኤሬታ ከሦስት ዓመት በኋላ በተኛችበት አረፈች፤ ከእናቷ ቤት ጀርባ ተቀበረች። ናካራ ወደ ታራዋ ሳይመለስ ቀረ። ካቻምና ከዚያ በጀልባ የመጡ ሰዎች አይተውታል፤ ኖኖውቲ ደሴት፣ ቴሞቱ መንደር፣ ከኤሬታ አክስት ዘንድ ነበር የሚኖረው።